የስጦታ ደብተሬን እንዴት ዘጋሁት? ገናን ያለ ብድር ለማክበር

ሥራዬ ሒሳብ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ገቢና ወጪ ስመዘግብ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ቤቴ ውስጥ የስጦታ ደብተር መኖሩ ማንንም አልገረመም፤ እኔንም ጭምር። ሰማያዊ ሽፋን ያላት ትንሽ ደብተር ናት። በግራ በኩል የሰጠን ሰው፣ ያመጣው ዕቃና ግምቱ ይጻፋል። በቀኝ በኩል እኛ የመለስነው። ገና ሲቃረብ ደብተሯን አወጣና ማን ምን እንዳመጣ አይቼ ያንኑ የሚያህል እገዛለሁ። እንዲያውም ትንሽ አስበልጬ። ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ መቼም።

ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ ሁልጊዜ ሦስት የተጠቀለሉ ስጦታዎች ይቀመጡ ነበር። ስም አልተጻፈባቸውም። ሳይታሰብ ስጦታ ይዞ የሚመጣ ሰው ካለ ባዶ እጄን እንዳይዘኝ ነው። መጠባበቂያ በሏቸው።

አንድ ዓመት ሥራ አጣሁ። ገና ሲደርስ ቁም ሣጥኑም ኪሴም ባዶ ነበር። በዋዜማው ምሽት ደወል ተደወለ። በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቄ ሳይ አንድ የቀድሞ ባልደረባዬ ናቸው። በዕድሜ ስለሚበልጡኝ ጋሼ ነው የምላቸው። እጃቸው ላይ ጥቅል ይዘዋል።

መብራቱን አጠፋሁ። ባለቤቴን «ዝም በይ» አልኳት። ኮሪደሩ ላይ እንደ ሌባ ቆመን እግራቸው እስኪርቅ ጠበቅን።

ጥቅሉን በሩ ሥር ትተውት ሄደው ነበር። የሱፍ ካልሲ ነው፤ ሁለት ጥንድ፣ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የባለቤቴ። ሥራ ባገኘሁ በመጀመሪያው ደመወዜ ውድ የቆዳ ቦርሳ ገዝቼ ይዤላቸው ሄድኩ። ቦርሳውን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። «ብድር ነው እንዴ የሰጠሁህ?» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ያቺ ጥያቄ ስላልለቀቀችኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ገናዎች እንዴት እንደማሳልፍ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። ያበላሸሁትንም ጨምሬ።

መጀመሪያ ደብተሩን ፈልጉ

እናንተ ቤት ደብተር የለም ይሆናል። ጭንቅላታችሁ ውስጥ ግን ሳይኖር አይቀርም። ቀላል መፈተኛ አለችኝ። ባለፈው በዓል ስጦታ ሰጥታችሁት እሱ ግን ምንም ያልሰጣችሁን ሰው አስቡ። ስሙ ቶሎ ከመጣላችሁ ደብተር አላችሁ።

ከበዓሉ ሦስት ወይም አራት ሳምንት አስቀድማችሁ አንድ ምሽት ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ተቀመጡ። ጊዜው በከንቱ አልተመረጠም። የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ከልደት በፊት አራት እሑዶችን ለመጠበቂያ ይሰጣሉ። በምሥራቅ ያሉት ደግሞ ይጾማሉ፤ በብዙዎቹ ዘንድ ጾሙ 40 ቀን ነው። ገበያው የሚጮኽበት ወቅት በቤተ ክርስቲያን የዝምታ ወቅት ነው ማለት ነው።

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። በአንድ በኩል «አለብኝ» የምትሏቸውን ጻፉ፤ በሌላው በኩል «አለባቸው» የምትሏቸውን። ሐቀኛ ሁኑ፤ ማንም አያየውም። እኔ የመጀመሪያ ቀን ስጽፍ «አለባቸው» የሚለው ዓምድ ወረቀቱ አልበቃውም። አፍሬ ወረቀት ቀየርኩ። አዲሱም አልበቃም።

ከዚያ ሰርዙት። በሒሳብ ሥራ የማይሰበሰብ ዕዳ ይባላል፤ አንድ መስመር ይሰመርበታል፣ ይዘጋል። በጸሎታችን «በደላችንን ይቅር በለን» የምንለው ቃል በማቴዎስ ወንጌል ግሪክኛ ላይ ቀጥታ «ዕዳችንን» ነው የሚለው። ይህን ሳውቅ የራሴ ሙያ ጸሎት ውስጥ የገባ መሰለኝ። «አለባቸው» የሚለውን መሰረዝ ግን ቀላሉ ነው። የሚከብደው «አለብኝ» የሚለውን መሰረዝ ነው። የጋሼን ካልሲ ሳልመልስ መዝጋት! እጄ አልታዘዝ አለኝ። ለምን እንደከበደኝ የገባኝ ከዚህ በታች ያለችው አንዲት ቃል ላይ ስደርስ ነው።

«እንዲሁ»

ዮሐንስ 3፥16ን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን። «በእርሱ የሚያምን ሁሉ የዘላለም ሕይወት እንዲኖረው እንጂ እንዳይጠፋ እግዚአብሔር አንድያ ልጁን እስኪሰጥ ድረስ ዓለሙን እንዲሁ ወዶአልና።»

«እንዲሁ» የምትለዋ ላይ ቁሙ። ጎረቤት በር ሲያንኳኳ «ምን ልታዘዝ?» ስንለው «እንዲሁ ነው የመጣሁት» ይላል። ጉዳይ የለውም፤ የሚበደረው ዕቃ የለም፤ ልጠይቃችሁ ብሎ ነው። እኔ ጥቅሱን ያደግኩት በዚህ ትርጉም እየሰማሁት ነው። ትልቅ ሰው ሆኜ የግሪኩ ቃል «እንዲህ አድርጎ፣ በዚህ መንገድ» ለማለት መሆኑን ሳነብ ትንሽ ከፋኝ። አንድ ነገር የተቀማሁ መሰለኝ።

ግን አልተቀማሁም። ሮሜ 3፥24 «እንዲያው በጸጋው» እንደምንጸድቅ ይናገራል። «እንዲያው» የተባለው በግሪኩ «ዶሬአን» ነው፤ በነፃ፣ ያለ ዋጋ ማለት ነው። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ያላቸውም በዚሁ ቃል ነው። በዮሐንስ 15፥25 ላይ ደግሞ ያው ቃል «በከንቱ ጠሉኝ» በሚለው ውስጥ አለ። እዚያ ላይ ያለ ምክንያት ማለት ነው። ያለ ምክንያት ጠሉት፤ እሱ የሰጠውም ያለ ዋጋ ነው። ይህ የትኛው ዓምድ ላይ ይጻፋል? ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሠርቼ መልስ የለኝም።

ሮሜ 5፥8 ላይም «ገና ኃጢአተኞች ሳለን ክርስቶስ ስለ እኛ ሞቶአልና» ይላል። እዚህ ላይ «ገና» እና የበዓሉ ስም «ገና» በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ ሲነበቡ ነው የሚለዩት። የቃላት ጨዋታ ነው፣ ሥነ መለኮት አይደለም። እኔ ግን በየዓመቱ የገና ካርድ ላይ ያቺን ቃል ባየሁ ቁጥር «ገና ኃጢአተኞች ሳለን» ብዬ ነው በልቤ የማነባት። ሳንስተካከል፣ ሳንዘጋጅ፣ የሚመለስ ነገር በእጃችን ሳይኖር።

ስለዚህ ከግዢው በፊት መቀበል ይቀድማል። እንዴት? እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ስልኩን ሌላ ክፍል እተዋለሁ። ሉቃስ ምዕራፍ 2ን ከቁጥር 1 እስከ 20 ጮክ ብዬ አነባለሁ። ቀስ ብላችሁ ብታነቡትም አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥር 7 ላይ፣ በእንግዶች ማደሪያ ስፍራ ስላልነበራቸው የሚለው ጋ ስደርስ፣ የዚያ ምሽት ኮሪደራችን ትዝ ይለኛል። ድምፄ ይወርዳል። ባለቤቴ ምክንያቱን ታውቃለች፤ ምንም አትልም።

ከዚያ ወደ ቁጥር 24 እዘላለሁ። ማርያምና ዮሴፍ ሕፃኑን ይዘው ወደ ቤተ መቅደስ ሲወጡ ያቀረቡት መሥዋዕት ጥንድ ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት ነው። ዘሌዋውያን 12፥8ን አጠገቡ ክፈቱት። ሕጉ የሚጠይቀው ጠቦት ነው፤ ለጠቦት አቅም ለሌላት እናት ግን ሁለት ወፍ ተፈቅዶላታል። ሉቃስ የቤተሰቡን አቅም በአንድ መስመር ነግሮናል። ለዓለም ሁሉ የተሰጠው ስጦታ በእቅፋቸው ነው፤ ጠቦት መግዣ ግን የላቸውም።

ማንበቡ ካልሆነላችሁ ዐይናችሁ የሚያየው ነገር አስቀምጡ። የአሲዚው መነኩሴ ፍራንቸስኮስ በ1223 ግሬቾ በተባለች የጣሊያን መንደር ግርግምና ድርቆሽ አዘጋጅቶ፣ በሬና አህያ አስመጥቶ ልደትን አክብሯል። ሕፃኑ የደረሰበትን ችግር በዐይኑ ማየት ፈልጎ ነው። ቤት ውስጥ አህያ ይቅርባችሁ። ባዶ ሣጥን ይበቃል።

ካነበባችሁ በኋላ አሥር ደቂቃ ምንም አትጠይቁ። ይህ ከሁሉም ከብዶኛል። ጸሎቴ ሁሉ የግዢ ዝርዝር እንደነበረ ያኔ ነው የታወቀኝ፤ ይህን ስጠኝ፣ ያንን ጨምርልኝ። «ስለማይነገር ስጦታው እግዚአብሔር ይመስገን» የምትለዋን የ2ኛ ቆሮንቶስ 9፥15 ቃል ይዛችሁ ተቀመጡ። ሐሳባችሁ ገበያ ከሄደ ጠርታችሁ መልሱት። ይሄዳል፤ የእኔ አሁንም ይሄዳል።

ገበያ ስትወጡ

እዚህ ላይ አላረዝምም። የምታወጡትን ገንዘብ ልክ ቤት ሳላችሁ ወስኑ፤ ከገበያ ደርሶ የሚወሰን ልክ ልክ አይደለም። ለበዓል ስጦታ አትበደሩ፤ ብድርን ለመሰረዝ የተነሣን ሰዎች ነን። ሱቁ «ነበረ» ብሎ የሰረዘውን ዋጋ አትዩ። የምትከፍሉት ያልተሰረዘውን ነው። ድረ ገጽ ላይ ሰዓት ወደ ኋላ ሲቆጥር ካያችሁ ዝጉትና በማግሥቱ ተመለሱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ እንደገና ከመጀመሪያው ሲቆጥር ታገኙታላችሁ። «ይህን ያህል ከገዛችሁ ማድረሻው ነፃ» የሚለው ደግሞ የማድረሻ ዋጋ ላለመክፈል ሌላ ዕቃ የሚያስገዛ ነው። እኔ የሒሳብ ሰውዬው ሳልቀር ስንት ጊዜ ገብቼበታለሁ።

ዝርዝራችሁ ላይ ላለው ለእያንዳንዱ ስም አንድ ጥያቄ አቅርቡ። ይህ ሰው ዘንድሮ ምንም እንደማይሰጠኝ ባውቅ እሰጠው ነበር? «አዎ» ከሆነ ግዙለት፣ በደስታ። «አይ» ከሆነ የምትገዙት ስጦታ ሳይሆን ደረሰኝ ነው። ስልክ ደውሉለት። ግማሽ ሰዓት አውሩት። የእኔ ዝርዝር በዚህ ጥያቄ ከአሥራ ዘጠኝ ስም ወደ ሰባት ወርዷል። ከቀሩት አሥራ ሁለቱ ጋር ደግሞ ከድሮው ይልቅ አሁን ይበልጥ እንገናኛለን።

ለማይመልስ ሰው

ሉቃስ 14 ላይ ጌታ ግብዣ ስታደርግ ወዳጆችህንና ባለጠጎች ጎረቤቶችህን አትጥራ፤ ብድራት የማይመልሱልህን ጥራ ይላል። ከዝርዝራችሁ ቢያንስ አንዱ ስም እንደዚያ ያለ ሰው ይሁን። ልብ ማለት የሚያስፈልገው አሰጣጡ ላይ ነው።

የጎደለውን ጠይቁት፤ አትገምቱ። እኔ አንድ ጊዜ ገምቼ መድኃኒት መግዣ ላጣ ሰው የግድግዳ ሰዓት ሰጥቻለሁ። በደስታ ተቀበለኝ፤ ያ ነው የበለጠ ያሳፈረኝ። ፎቶ አታንሱ። በሰው ፊት አትስጡ። ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ የተባለው ለዚህ ነው። የሚቻል ከሆነ ሰጪው ማን እንደሆነ እንኳ አይወቅ።

ዛሬ በቀይ ልብስ የምናየው የገና አባት ሥሩ የሜራው ጳጳስ ቅዱስ ኒቆላዎስ ነው፤ በአራተኛው መቶ ዓመት በዛሬዋ ቱርክ የኖረ። ስለ እሱ ሲነገር የኖረው ታሪክ ይህ ነው። ሦስት ሴት ልጆች ያሉት አባት ይደኸያል፤ ልጆቹን መዳር ስላቃተው ወደ ውርደት ሊልካቸው ይደርሳል። ኒቆላዎስ ሌሊት ሌሊት እየሄደ ለእያንዳንዷ ወርቅ የያዘ ከረጢት በመስኮት ይወረውራል። በሦስተኛው ጊዜ አባትየው አድፍጦ ይይዘዋል። ኒቆላዎስም በሕይወት ሳለሁ ለማንም እንዳትናገር ብሎ ያስምለዋል። በጨለማ ሸሽቶ የሰጠው ሰውዬ ዛሬ የሱቅ መስታወት ላይ መሰቀሉ ያስቀኛል። ያሳዝነኛልም።

ግን ጎምዛዛ አትሁኑ

ይህን ከራሴ ጥፋት ነው የምነግራችሁ። ደብተሯን በዘጋሁበት ዓመት ነቢይ ሆንኩ። «በዚህ ቤት ዘንድሮ ስጦታ የሚባል የለም፤ ስጦታችን ክርስቶስ ነው» ብዬ አወጅኩ። ልጆቼ ዝም አሉ። ትንሿ ለእኔ በወረቀት የሠራችውን ነገር ወደ ክፍሏ መልሳ ወሰደችው። ባለቤቴ ሳህን እያጠበች፣ ዞር ሳትል፣ «የይሁዳን ንግግር ከየት አመጣኸው?» አለችኝ።

ዮሐንስ 12ን ክፈቱ። የአልዓዛር እኅት ማርያም እጅግ ውድ የሆነ የናርዶስ ሽቱ የኢየሱስ እግር ላይ ታፈስሳለች። ይሁዳ ይህ ለሦስት መቶ ዲናር ተሽጦ ለድሆች ለምን አልተሰጠም? ይላል። አንድ ዲናር የአንድ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው፤ ስለዚህ ሦስት መቶው የአንድ ዓመት ደመወዝ ያህል ይሆናል። እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ይሁዳ ልክ ነው። ገንዘብ ያዡም እሱ ነበር፤ የሙያ ባልደረባዬ መሆኑ ነው። ጌታ ግን «ተውአት» አለ። የውድ ስጦታ ጥፋቱ ውድነቱ አይደለም ማለት ነው። ማርያም ምንም መልስ ሳትጠብቅ ነው ያፈሰሰችው።

በዓልን በቁጣ ለማጥራት የሞከርኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። በ1659 በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት የነበሩ ፒዩሪታን የተባሉ ጥብቅ ፕሮቴስታንቶች ገናን ሲያከብር የተገኘ ሰው 5 ሺሊንግ እንዲቀጣ ሕግ አወጡ። ሕጉ የተሻረው በ1681 ነው። ሃያ ሁለት ዓመት። እኔ በሦስት ሰዓት ነው የሻርኩት። የትንሿን በር አንኳኩቼ ያችን ወረቀት ለመንኳት። የወፍ ቤት ነበረች፤ ጣሪያዋ ተጣሟል። አሁን የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አለች።

ስለዚህ ልጆች ላይ ሕግ አታውጡ። መጀመሪያ የራሳችሁን ዝርዝር አሳጥሩ። እነሱ የሚቀንሱት በእናንተ ፊት ላይ ያለው ጭንቀት ሲቀንስ ነው። አለቀ።

ተቀብሎ ዝም ማለት

መስጠትን ብዙ ሰው ያስተምራል። መቀበልን የሚያስተምር ብዙም አልገጠመኝም። ሰው ሲሰጠን «ብድር መላሽ ያድርገኝ» እንላለን። ደግ ምርቃት ነው፤ ባህላችንን አልነቅፍም። ግን አንዳንዴ ከምስጋናው ይልቅ ጭንቀታችን ነው የሚናገረው። ማቴዎስ 2 ላይ ሰብአ ሰገል ወርቅ፣ ዕጣንና ከርቤ ይዘው ወደ ቤት ሲገቡ ዮሴፍ ወይም ማርያም አንድ ነገር እንደመለሱላቸው አልተጻፈም። ስጦታው ቀረበ፣ ሰዎቹ በሌላ መንገድ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በቃ።

መለማመጃው ቀላል ነው። ስጦታ ሲሰጣችሁ በሁለት እጅ ተቀበሉ። «እግዜር ይስጥልኝ» በሉ። ከዚያ ዝም በሉ። «ለምን ተቸገርክ» አይባልም። «እኔ ግን ምንም አላዘጋጀሁም» አይባልም። ወደ ቁም ሣጥኑም አይሮጥም። እንዳይሮጥ ደግሞ መጠባበቂያዎቹን አስቀድሞ ማውጣት ነው። እኔ ሦስቱንም ለማላውቃቸው ሰዎች ሰጠኋቸው፤ ያ መደርደሪያ አሁን ፎጣ ይቀመጥበታል።

ባለፈው ገና ዋዜማ ደወል ተደወለ። ጋሼ ናቸው፤ ጥቅል ይዘዋል። መብራቱ በርቷል፤ በሩን ከፈትኩ። ጥቅሉን በሁለት እጄ ተቀበልኩ። «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አልኩ። ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ነበር። ዋጥኩት። አንድ አፍታ ሁለታችንም ደጃፉ ላይ ዝም ብለን ቆምን። እሳቸው የምጨምረው ነገር ያለ መስሏቸው ጠበቁ። እንደሌለ ሲያዩ ፈገግ አሉና ኮታቸውን ማውለቅ ጀመሩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከደጃፉ አልፈው ገብተው አያውቁም ነበር።